የባዜቃ ጠባይ፤ ከጋምቤላ እስከ ጎሬ

(መቱ ላይ በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ የተደረገ ዲስኩር)



ስለ ባዜቃ እንድንናገር ተራው በደረሰን ጊዜ፥ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ አንድ ብልቃጥ ይዘን መጥተን በጠረጴዛው ላይ እንድናንከባልልላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ይዘን አልመጣንም። ለምን እንዳልያዝን ንግግራችን ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ትረዱታላችሁ፤ ለጊዜው ግን በባዜቃው ምትክ ይህን ባዶ የበደሌ ቢራ ጠርሙስና ይህን የቡና ስኒ አምጥተናል። (ጠርሙሱ ከእኛ እጅ ከመግባቱ በፊት ባዶ እንደ ነበረ ለመምህራኖቻችን እናረጋግጣለን።)

ባዜቃ ማለት በትምህርት ቤት ሜርኩሪ እያልን የምንጠራው ነው። ከብረታ ብረት ወገን ሆኖ ሳለ በምንኖርበት ሙቀት እንደ ውሃ የሚፈስ እርሱ ብቻ ነው። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በቃል ማወቅና በእጅ መያዝ ልዩ ልዩ ናቸው። ይህ ስኒ ውሃ ቢሞላ 75 ግራም ያህል ይይዛል። ባዜቃ ቢሞላ ግን አንድ ኪሎ ይሆናል፤ ቡና የምታቀርብልን እናት ረከቦቱን ከነስኒዎቹ ለማንሣት ሁለት ሰው መጥራት ይኖርባታል። ይህ ጠርሙስ ደግሞ 33 ሳንቲ ሊትር ሲሆን፥ በባዜቃ ቢሞላ አራት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከውሃ 13 ጊዜ ተኩል መክበዱ ነው። ስለዚህ የብረት ምስማር ቢጥሉበት እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፤ እርሳስም እንኳ ይንሳፈፋል፤ የሚሰጥመው ወርቅና እንደ ወርቅ ያሉት ጥቂት ከባዶች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ጠባዩ አለማርጠቡ ነው። ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ በጎደሬ ቅጠል ላይ እንዴት እንደሚንከባለል ያላየ የኢሉባቦር ልጅ የለም። ጠብታው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይንሸራተታል፤ ቅጠሉም ደረቅ እንደ ሆነ ይቀራል። ውሃ በጎደሬ ላይ የሚያደርገውን ባዜቃ በብርጭቆ ላይ ያደርገዋል። የገጹ ውጥረት ከውሃው ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚበልጥ፥ ትንሽ ጠብታው ክብ ሆኖ ይሰበሰባል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ በዳሩ ወደ ላይ ሲሳብና መካከሉ ሲጎደጉድ፥ ባዜቃ በተቃራኒው መካከሉ ጉብ ይላል። መምህሮቻችን ውሃ ሲለካ ከጎድጓዳው፥ ባዜቃ ሲለካ ከጉብታው አናት አንብቡ የሚሉን ስለዚህ ነው።

ይህ መክበዱና ይህ አለማርጠቡ ባንድነት ሆነው ባዜቃን የመለኪያዎች ሁሉ አባት አድርገውት ኖረዋል። በ1640ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን) ቶሪቼሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ባወጣው ሙከራ፥ አንድ ወገኑ የተደፈነ አንድ ሜትር ያህል የብርጭቆ ቱቦ ባዜቃ ተሞልቶ፥ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ላይ ተደፋ። ባዜቃው ሁሉ ፈስሶ አላለቀም፤ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆመ። ይዞት የቀረው ከሳሕኑ ላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው። በ1648 ደግሞ የፓስካል እኅት ባል ፔሪዬ ቱቦውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራ በወጣ ጊዜ፥ ባዜቃው ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ወረደ። ከፍ በተባለ ቁጥር የሚጫነን አየር እንደሚያንስ በዚያ ቀን ታወቀ።

እኛ ግን ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከዚያ የሚበልጥ ዳገት በደጃችን አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፥ ከጋምቤላም በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ እንደ ነበረ በታሪክ ተምረናል። አሁን የቶሪቼሊን ቱቦ በበቅሎ ጭነን ያንን መንገድ ወደ ኋላ እንውጣ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ ባዜቃው 715 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል። የቡሬን ዳገት ወጥተን፥ ደኑን አልፈን፥ 2000 ሜትር ገደማ ወዳላት ወደ ጎሬ ስንደርስ 600 ይሆናል። ከጎሬ ወደ መቱ ስንወርድ እንደገና ከፍ ብሎ 625 ያህል ይቆማል፤ ወደ በደሌ ስንወጣ ደግሞ ይቀንሳል። እነዚህ ቁጥሮች ከከፍታው ያሰላናቸው ናቸው፤ እንደ ቀኑ አየር ጥቂት ይለዋወጣሉ። ነገር ግን ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ያለው ልዩነት 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ከፔሪዬ ይበልጣል። የፔሪዬ ተራራ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ የእኛ ዳገት አለመጻፉ ሊቆጨን የሚገባ አይመስለንም፤ ቱቦውን ይዞ የወጣበት ሰው ባለመኖሩ ነው።

ይህ ሁሉ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የጎሬ እናቶች ባቄላው ቶሎ አይበስልም ሲሉ የሚናገሩት ስለዚሁ ስለ ባዜቃው ከፍታ ነው። ውሃ በጋምቤላ በ98 ዲግሪ፥ በመቱ በ95፥ በጎሬ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እሳቱ ቢበረታም ውሃው ከዚያ አይሞቅም። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩትንም ይነካቸዋል። ውሃ ከባዜቃ 13 ጊዜ ተኩል ስለሚቀል፥ የመቱ አየር የሚሸከመው የውሃ ዓምድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የጎሬው 8 ሜትር ከጥቂት፥ የጋምቤላው ደግሞ 9 ሜትር ከ70 ያህል ነው። ስለዚህ በላይ ተቀምጦ በመምጠጥ ብቻ የሚሠራ ፓምፕ በጋምቤላ ውሃ ሰጠ ተብሎ በጎሬም በዚያው ጥልቀት ይሰጣል ማለት አይቻልም። ከመጽሐፍ የተወሰደው 10 ሜትር ከ30 የሚለው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው።

አንድ ጓደኛችን፥ እንግዲያስ የደም ግፊት መለኪያውስ በጎሬ ይሳሳታልን ብሎ ጠይቆን ነበር። አይሳሳትም። ሐኪሙ 120 በ80 ሲል የሚለካው በደም ሥሩና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በሁለቱም ላይ የሚጫነው አየር አንድ ስለሆነ ይጣፋል። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ረጋው ባዜቃ እንለፍ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነውና። ባዜቃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በአገራችን ከስሜንና ከባሌ ራስጌ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ቁጥር ጋር የሚወዳደር ብርድ የለንም። በ1759 መገባደጃ ብራውን የተባለ ምሁር በሩሲያ ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፥ ሎሞኖሶፍም አብሮት ሆኖ፥ በረዶን ከአሲድ ጋር እያቀላቀለ ብርዱን አጸናውና በሙቀት መለኪያው ውስጥ ያለው ባዜቃ ረጋ። ብርጭቆውን ሰብረው ሲያወጡት እንደ እርሳስ ለስላሳ ብረት ሆኖ አገኙት፤ በመዶሻም ቀጠቀጡት። ባዜቃ በእርግጥ ብረታ ብረት መሆኑ ያን ጊዜ በዓይን ታየ።

ነገር ግን ብራውን በአንድ ነገር ተታለለ። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ በመቱ የሚወርደው በረዶ በገንዳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው። ባዜቃ ግን ሲረጋ ከመቶ 3 ነጥብ 6 እጅ ያህል ይኮማተራል፤ የረጋው በፈሳሹ ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ በመለኪያው ቱቦ ውስጥ ባዜቃው በረጋ ጊዜ መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወደቀ። ብራውንም ይህን መውረድ እንደ ብርድ ቈጥሮ፥ ባዜቃ የሚረጋው ከዜሮ በታች ብዙ መቶ ዲግሪ ላይ ነው ብሎ አሰበ። መለኪያው ራሱ ታሞ ሳለ በእርሱ ሌላውን መለካቱ ነበር። ሐቺንስ የተባለ ሰው በካናዳ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ከባድ ብርድ ውስጥ የሠራውን ሙከራ ካቨንዲሽ መርምሮ በ1783 እውነተኛውን ቁጥር እስኪገልጥ ድረስ ሃያ ዓመት አለፈ።

ዛሬ ባዜቃን ለማርጋት የሩሲያ ክረምት አያስፈልግም። የከብት አዳቃይ ባለሙያ የኮርማ ዘር ይዞ የሚዞርበት ዕቃ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፤ ባዜቃን ወዲያው ድንጋይ ያደርገዋል። (ዕቃውን አውሰን ብላችሁ ባለሙያውን እንዳታስቸግሩት አደራ፤ የሰው ላም ትጠብቀዋለች።) ከዚያም እጅግ ወደ ታች፥ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ፥ ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 በረጋ ባዜቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ማናቸውም መቋቋም ድንገት ጠፋ። ባዜቃን የመረጠው በማፍላትና ተኑን በማቀዝቀዝ በሚገባ ሊጠራ ስለሚችል ነበር። ይህን አስቡት፤ የተመረጠው ቶሎ የሚተን በመሆኑ ነው።

ስለ ምን ይፈሳል? ስለ ምንስ ይተናል? የሁለቱም መልስ አንድ ነው። የባዜቃ አቶም በመካከሉ 80 ፕሮቶኖች አሉት። ይህ ኃይለኛ ስበት በቅርቡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በሚበልጥ ፍጥነት ያስኬዳቸዋል። አይንስታይን እንዳስተማረው እንዲህ የሚሮጥ ነገር ሁሉ እንደሚከብድ ይሆናልና፥ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በዳር ያሉት ሁለቱም አብረው ይሳቡና፥ ብረቶችን ሁሉ እርስ በርስ በሚያያይዘው የጋራ ሥራ ውስጥ እንደ ሌሎቹ አይገቡም። ባዜቃ ደቦ ሲጠራ በሩን ዘግቶ እንደሚቀመጥ ጎረቤት ነው። በ2013 የኒው ዚላንዱ ሽቨርትፌገርና ባልደረቦቹ ይህን በስሌት አሳይተዋል፤ ይህ የፍጥነት ነገር ባይኖር ኖሮ ባዜቃ የሚቀልጠው በ82 ዲግሪ ነበር። እንግዲያስ በመቱ ገበያ እንደ ቆርቆሮ ጠንክሮ ይሸጥ ነበር፤ ጎሬ ላይ ደግሞ በፈላ ውሃ ይቀልጥ ነበር።

ከጎረቤቱ ጋር ያልተያያዘ አቶም ደግሞ በቀላሉ ተነሥቶ ይሄዳል። ያ ጠብታ በጠረጴዛ ላይ የሚንከባለልበት ምክንያት፥ ወደ አየር ወጥቶ ወደ ሳንባችን የሚገባበትም ምክንያት ነው። አንዱን ወድዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ሦስታችን በኢሉባቦር ከተሞች በአንደኛው አብረን ሁለተኛ ደረጃ ተምረናል። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ አለማወቁ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረምና። አሥረኛ ክፍል ሳለን የባሮሜትር ቱቦ ተሰበረ። መምህራችን ይህን የመሰለ ዕድል አያምልጣችሁ ብለው ባዜቃውን በየመዳፋችን አስያዙን። ተደሰትን፤ ደስታችንን ዛሬም አንክድም። የተረፈው በመጥረጊያ ተጠርጎ ከወለሉ ስንጥቅ ገባ። እኛም በብዕር ክዳንና በመድኃኒት ብልቃጥ እየያዝን ወደየቤታችን ሄድን።

አንዲት የክፍላችን ልጅ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ እንዲያበራላት በባዜቃው አሸችው። ባዜቃ ወርቅን ይበላል፤ ወርቁ ላይ ተጣብቆ አማልጋም የሚባለውን ነጭ ቅልቅል ያወጣል። ጉትቻው ብር መሰለ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፤ እናትየዋም ጉትቻውን ይዘው ወደ አንጥረኛ ሄዱ። አንጥረኛው ብልህ ሰው ነበር፤ በወናፍ እሳቱን አንድዶ ጉትቻውን አጋለው፤ ባዜቃው ተነነና ወርቁ ቀለሙ ተመለሰ። ሁሉም አመሰገኑት። ያ ሁሉ ሲሆን ቤቱ ጠባብ፥ በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ እናትየዋም ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ከወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

ሕፃኑ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እስከምናውቀው ድረስ ደኅና ነው። እኛን እስከ ዛሬ የሚከነክነን ግን በዚያ ቀን ከአንጥረኛውም፥ ከእናትየዋም፥ ከመምህሩም፥ ብልቃጡን ለልጅቱ ከሰጠናት ከእኛም መካከል የሚያውቅ አንድ ሰው አለመገኘቱ ነው። ተኑ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ፈሳሹ ባዜቃ በስሕተት ቢዋጥ ሰውነት እጅግ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ተኑ ሲተነፈስ ግን ከመቶ 80 ያህሉ ወደ ደም ይገባል፤ የሚጎዳውም አእምሮን፥ ጅማትንና ኩላሊትን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያልተወለደውንና ሕፃኑን።

መጠኑንም አብረን እናስላ። አንድ የትኩሳት መለኪያ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ተኩል ባዜቃ አለው። ስምንት በሰባት፥ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መስኮቱ ተዘግቶ አንድ ግራም ባዜቃ ቢተን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመት አማካይ ያስቀመጠው ልክ አንድ ማይክሮ ግራም ነው። ስድስት ሺህ ጊዜ ማለፉ ነው። እርግጥ አንድ ግራም በአንድ ቀን ተኖ አያልቅም፤ በስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ለወራት ቀስ እያለ ይተናል እንጂ። የቆየው የደም ግፊት መለኪያ ደግሞ ወደ 100 ግራም ይይዛል።

በጃፓን ሚናማታ የደረሰውን ታውቃላችሁ፤ በ1956 የታወቀው በሽታ የመጣው ከፋብሪካ ወደ ባሕር ከተጣለ የባዜቃ ቅመም ሲሆን፥ ወደ ሰው የደረሰው በዓሣ በኩል ነው። በውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳትም ተራውን ባዜቃ ወደዚያ መርዝ ሊለውጡት ይችላሉ። በዚሁ ከተማ ስም የተጠራው ስምምነት በ2013 ተፈርሞ፥ ባዜቃ ያለባቸው የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩና ከአገር አገር እንዳይነግዱ ወስኗል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አሮጌዎቹ የት ይሄዳሉ? የቁጥር መለኪያ ሲመጣ የባዜቃው ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘን ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ይሄዳል። መቱ ደግሞ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። የመቱ ውሃ ወደ ሶር ይወርዳል፤ ሶር ወደ ገባ፥ ገባም ወደ ባሮ ይገባል። በባሮ ዳር፥ በጋምቤላና በኢታንግ፥ ዓሣ የዘወትር ምግብ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ቅድም ባዜቃውን በበቅሎ ያወጣንበት ዳገት፥ ባዜቃው በውሃ የሚወርድበትም ቁልቁለት ነው።

በምዕራቡ ቆላ ወርቅ ለሚያጥቡትም አንድ ቃል እንናገር። አባቶቻቸው በገበቴና በውሃ ብቻ ወርቅ ሲያወጡ ኖረዋል። ወርቅ ቶሎ ይሰበስብልሃል ብሎ ባዜቃ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ፥ ያ አንጥረኛ በአንዲት ጉትቻ ያደረገውን በየቀኑ በየጎጆው እንዲደረግ ማስተማሩ ነው። ከዘመዶቻችን ወደዚያ የሚሄድ ካለ ይህን እንንገረው። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ሀብት አለ፤ በአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ይገኛል የሚለው ወሬ ግን፥ በ2009 በሳውዲ አረቢያ ስንቱን ሰው ያሯሯጠ ፈጠራ ነው፤ ጊዜያችሁን አናጠፋበትም።

እንግዲህ ባዜቃ ይዘን ያልመጣነው ስለዚህ ነው። አሁን የምንለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ለዕረፍት ወደ ጎሬ፥ ወደ በደሌ፥ ወደ ያዮ፥ ወደ ሁሩሙ የምትሄዱ ጓደኞቻችን፥ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ጎብኙ። የተሰነጠቀ ባሮሜትር ወይም በብልቃጥ የተቀመጠ ባዜቃ ካለ ለርእሰ መምህሩ በትሕትና አመልክቱ፤ እንዳትነኩት፥ በአውቶቡስም ይዛችሁ እንዳትመጡ። የፈሰሰ ካጋጠማችሁ ሰው ሁሉ ይውጣ፥ መስኮት ይከፈት፤ ወርቃችሁን አውልቁ፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት፥ መጥረጊያ አንዱን ጠብታ ሺህ ያደርገዋልና። በሁለት ካርቶን ጠርዝ እየገፋችሁ ሰብስቡት፤ ጥቃቅኑን በሚጣበቅ ፕላስተር አንሡት፤ ጥቂት ውሃ ባለበት ጠርሙስ አድርጋችሁ ክዳኑን አጥብቁ። ከጠርሙሱ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ባዜቃ፥ መርዝ፥ አትክፈቱ ብላችሁ ጻፉ፤ ከሚቆለፍ ቦታም ይቀመጥ።

የት ምን እንዳገኛችሁ የምትጽፉበት መዝገብ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተከፍቷል። የመጀመሪያውን መስመር እኛ ጽፈንበታል፤ ያ የወለሉ ስንጥቅ ዛሬም ስላልተደፈነ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር በመጪው ወር ሄደን ልናነጋግራቸው ነው።